የጾም በርገር በቶንፒንግ

ቂመኛ ነኝ። ይህን ስናገር አላፍርም። የበደለኝን ሰው ቀኑን፣ የለበሰውን ልብስ፣ በዚያች ሰዓት እጄ ላይ የነበረውን ዕቃ ሳይቀር አስታውሳለሁ። እናቴ በልጅነቴ "የዚህች ልጅ ሆድ ጎተራ ነው፤ የገባበት አይወጣም" ትል ነበር። እውነቷን ነው። ስለዚህ በዚያ የሁዳዴ ዓርብ ጁባ፣ ቶንፒንግ ሰፈር ወዳለው የበርገር ቤት የሄድኩት ርቦኝ እንዳልነበረ ከአሁኑ ይታወቅልኝ። የሄድኩት አንዲት ሴት በሰው ፊት እንድትዋረድና ከሥራዋ እንድትባረር ለማድረግ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው እኔ ሰፈር፣ ጁባ ዳር ጉዴሌ ነው። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ አራት ጠረጴዛ ያላት ምግብ ቤት አለችኝ። በዝናብ ጊዜ ደንበኞቼ ሱሪያቸውን ጠቅልለው፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ይመጣሉ፤ በበጋ ደግሞ አቧራው ከወጡ ጋር አብሮ ይበላል። ቢሆንም ይመጡ ነበር። የባንክ ሰዎች፣ የአየር መንገድ ሰዎች፣ መንገድ የሚሠሩ መሐንዲሶች፣ ከየእርዳታ ድርጅቱ በነጭ መኪና የሚመጡ የአገሬ ልጆች። ረቡዕና ዓርብማ ደጄ ላይ መኪና ማቆሚያ ይጠፋ ነበር። ምክንያቱም ያኔ እኔ እስከማውቀው ድረስ ጁባ ውስጥ የጾም በርገር የሚሠራው እኔ ጋ ብቻ ነበር።

በርገሩን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ይህቺን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ደግሜ ብጽፋት ደስ ይለኝ ነበር። ሽምብራውን በውኃ አሳድሬ፣ ሳይልም ሸርከት አድርጌ ፈጭቼ፣ ከእንጉዳይ፣ ከሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር አሸዋለሁ። መጀመሪያ ላይ መጥበሻ በነካ ቁጥር እየተበታተነ ስንት ቀን አስለቅሶኛል! በሌላ ጊዜ እንቁላል መትተው ቢጨምሩበት ይያያዛል፤ በጾም ግን እንቁላል የለም። በመጨረሻ ተልባ ትዝ አለኝ። ተልባውን ወቅጬ በውኃ ሳርሰው ሙጫ ሆኖ ያዘልኝ። ላዩ ላይ የሚፈስሰውን ማባያ ደግሞ ከሱፍ ሠራሁት፤ ሱፉን ፈጭቼ፣ አጥልዬ፣ በነጭ ሽንኩርትና በስናፍጭ መታሁት። ማዮኔዝ ነው ብሎ ያልተሟገተኝ ሰው አልነበረም። ሱፍ እዚህ ስለማይገኝ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር በሻንጣው ጥግ አስጭነው ነበር።

ዳቦውንም ራሴ ነበርኩ የምጋግረው። የከሰል ምድጃዬ ዳቦ ያበስላል እንጂ ቀለም አይሰጥም፤ ገርጥቶ ይወጣል። ስለዚህ ምድጃ ከመግባቱ በፊት ላዩን በእንቁላል አስኳል ቀባ አደርገው ነበር። ያኔ እያብለጨለጨ ይወጣል፤ ሰውም ገና ሲያየው ምራቁን ይውጣል። ይህቺን የእንቁላል ነገር ያዙልኝ።

ያቺ ሴት ወደ ቤቴ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። ስሟን አልጽፍም። ቁመቷ የበሬን ጉበን የሚነካ፣ የሁለት ልጆች እናት፣ የዚሁ አገር ተወላጅ ናት። ያደገችው ግን እኛ ዘንድ ነው፤ መጀመሪያ ጋምቤላ መጠለያ ጣቢያ፣ ኋላም አዲስ አበባ። አማርኛዋ ከኔ ይጠራል። "አገርሽ ነው፣ ግቢ" ተብላ የመጣችበት ጁባ ለሷ ባዕድ ነበር።

"እትዬ" አለችኝ የመጀመሪያ ቀን፣ "ዓረብኛው ገና አልያዘልኝም፤ ገበያ ላይ ያታልሉኛል። ወጥ ቤት ግን አላሳፍርዎትም።"

አላሳፈረችኝም። ሁለት ዓመት ሙሉ ጎን ለጎን ቆመን ሠራን። የሽምብራውን አፈጫጨት፣ የተልባውን ልክ፣ የሱፉን አጠላለል አንድ በአንድ አሳየኋት። እህት እንደማሳደግ ነበር ብል ውሸቴን ነው፤ እጮህባት ነበር። ግን ያልደበቅኳት ነገር አልነበረም።

አንድ ማክሰኞ ማታ ለረቡዕ ዳቦ ስንጋግር፣ ብሩሹን እንደያዘች ቆም አለች።

"እትዬ፣ ነገ ረቡዕ አይደል?"

"ነው።"

"ታዲያ ይሄ እንቁላል?"

"ላዩን እኮ ነው። ውስጡ አልገባ።"

"የሚበሉት ሰዎች ያውቃሉ?"

"ኧረ ባክሽ! ጴንጤ ሆነሽ የጾም ሕግ ልታስተምሪኝ ነው?"

አልሳቀችም። በሌላ ጊዜ ደግሞ ለጾም ቀን ለብቻው እንጋግር ብላ ሐሳብ አመጣች። ምድጃ ሁለት ጊዜ የምታነጂው አንቺ ነሽ ወይ፣ ገርጥቶ ቢወጣ ማን ይበላዋል፣ ብዬ አፏን አስዘጋኋት። ዝም ብላ ቀባች። ከዚያ ወዲህ አላነሳችውም፤ እኔም ረሳሁት። ረሳሁት ማለት፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ረቡዕና ዓርብ እኔ ራሴ ያንን ዳቦ አልበላም ነበር። ለራሴ እንጀራ በሽሮ ነበር የማቀርበው።

ከደንበኞቼ ሁሉ ጋሼ የምንላቸው መሐንዲስ ይለዩብኝ ነበር። ስድሳዎቹን ያጋመሱ፣ ፀጉራቸው የነጣ፣ ድልድይ የሚሠሩ ሰው ናቸው። ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ በአፋቸው አይዞርም። ዘጠኝ ሊሆን ሲል ይመጡና ሰዓታቸውን ጠረጴዛው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ። አንድ ቀን "ጋሼ፣ እንዲህ ራስዎን አይጉዱ እንጂ" ብላቸው፣ የንስሐ አባታቸው የሰጧቸው ቀኖና እንደሆነ ነገሩኝ። ሁለት ዓመት፣ ረቡዕና ዓርብ፣ እስከ ዘጠኝ። ስለምን በደል እንደሆነ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

"ከቤቴ ርቄ ነው ያለሁት" አሉኝ። "ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ የመጀመሪያው ጉርሻ ካንቺ እጅ ነው። እግዜር ይስጥሽ።"

ቀኖናቸውን ጀምረው የጨረሱት በኔ ዳቦ ነው። የጨረሱ ዕለት ለቤቱ ሁሉ ለስላሳ ጋብዘው፣ እጄን ስመው ሄዱ።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ሽምብራ እየለቀምኩ ሳለ ያቺ ሴት መጥታ ፊቴ ቆመች። ሰማያዊ ቀሚስ ነበር የለበሰችው።

"እትዬ፣ ቶንፒንግ ሥራ አገኘሁ። አዲስ የተከፈተ የበርገር ቤት ነው። ሼፍ ሆኜ።"

ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ ማለት ያኔ ገባኝ። የተናገርኳትን እዚህ አልደግመውም፤ እናቷንም፣ አገሯንም፣ ያሳደጋትን አገርም ሳልነካ አልቀረሁም። አንገቷን ደፍታ ሰምታ ስትጨርስ ሽርጧን አጥፋ ወንበር ላይ አስቀመጠችና ወጣች። ሽምብራውን ከነትሪው ወረወርኩት። የለቀምኩትም እኔው ነኝ።

ሦስት ወር ያህል ቆይቶ አንዲት የባንክ ሠራተኛ ስልኳን አውጥታ የዚያን ቤት ሜኑ ፎቶ አሳየችኝ። "ጉድ አላየሽም? እነሱም ጀመሩ" አለችኝ። አነበብኩት። ሽምብራ፣ እንጉዳይ፣ ተልባ፣ የሱፍ ማባያ። ከሥሩም በእንግሊዝኛ፣ የሼፏ የራሷ ፈጠራ ይላል። የራሷ! ጆሮዬ ጭው አለ።

ቀስ በቀስ ደጄ ላይ ይቆሙ የነበሩት መኪኖች ጠፉ። ማን ይፈርድባቸዋል፤ እዚያ ኤሲ አለ፣ አቧራ የለም። ጋሼ እንኳ እየተሽኮረመሙ፣ ቢሮዬ ቶንፒንግ፣ ከኤርፖርቱ አጠገብ ሆነብኝ፣ ጉዴሌ ድረስ አልደርስ አልኩ አሉኝ። አዎ ጋሼ፣ ምን ችግር አለው አልኳቸው። ሆዴ ውስጥ ግን ጎተራው ተከፍቶ እየተሞላ ነበር።

የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ያ በርገር የኔ መሆኑ በሰው ፊት እንዲታወቅ፣ እሷም በዚያው ሰው ፊት አፈር እንድትበላ። እንዴት እንደማደርገው ብዙ ሌሊት ሳሰላስል ቆየሁና እንቁላሉ መጣልኝ። ዳቦውን ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ እኔ ያስተማርኳትን እንደምታደርግ ደግሞ አልተጠራጠርኩም። ሐበሻ ብዙ ነገር ይቅር ይላል፤ በሁዳዴ እንቁላል ያበላውን ግን ዕድሜ ልኩን ያማዋል። "ያንቺስ ዳቦ?" የሚለኝ ካለም መልስ አዘጋጅቼ ነበር። ለጾም ቀን ለብቻው ነበር የምጋግረው እላለሁ። በመስታወት ፊት ሁሉ ተለማምጄዋለሁ።

የቤተ ክርስቲያን ማኅበራችን ሰዎች በሁዳዴ ዓርብ ከቅዳሴ ሲወጡ ወደዚያ እንደሚሄዱ ሰምቼ ስለነበር ቀኑን መረጥኩ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። ያን ዕለት ቅዳሴውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቆሜ አስቀደስኩ፤ የለመንኩትም ይኸው እንዲሳካልኝ ነው። ከዚያ ነጠላዬን እንዳጣፋሁ ቦዳ የሚሉት የኪራይ ሞተር ላይ ወጣሁ።

በሩ ላይ ጥበቃው ቦርሳዬን እየፈተሸ "ከፍ፣ ማማ?" ብሎ እንዴት እንዳለሁ ጠየቀኝ። "ተማም፣ ደህና" አልኩት። ተማምስ አልነበርኩም።

ቤቱን አልዋሽም፣ ያምራል። ወለሉ ያበራል፣ ከየጠረጴዛው በላይ አንድ አንድ አምፖል እስከ ግንባር ድረስ ተንጠልጥሏል። ሜኑው በቆዳ የተለበጠ ነው፤ መጽሐፍ ቅዱሴ እንኳ እንዲህ ያለ ሽፋን የለውም። ምግቡ በሳህን አይቀርብም፣ በመክተፊያ እንጨት ነው። ድንች ጥብሱ ደግሞ የልጅ መጫወቻ በምታህል የብረት ባልዲ ይመጣል። በሩ አጠገብ የተቀመጡት ፈረንጆች ደሙ ያልደረቀ ሥጋ በቢላና በሹካ እየቆረጡ ነበር። በርገርን በቢላና በሹካ! ሽታውን ሽሽት በነጠላዬ አፍንጫዬን ሸፈንኩ።

ጋሼና አምስት የማኅበር ሰዎች መስኮቱ ጥግ ነበሩ። ብቻዬን ልቀመጥ ብል ማን ሊፈቅድልኝ! ወንበር ተሳበልኝ፣ ጋሼ ከአጠገባቸው አስቀመጡኝ።

"ጥሩ አደረግሽ መምጣትሽ" አሉኝ። "የሙያ ሰው የሌላውንም ማየት አለበት።"

ሰባት የጾም በርገር ታዘዘ። ሲመጣ ከላይ እስከ ታች በረጅም የእንጨት ስንጥር ተወግቶ ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ አልኩ በልቤ። ዳቦውን አየሁት፤ አምፖሉ ሥር ያብለጨልጫል። በቃኝ። ከዚያ በላይ አላየሁም፣ አልነካሁም፣ አላሸተትኩም። ልቤ ያለውን ዓይኔ አረጋገጠልኝ።

ጋሼ ባርከው ጀመሩ። እኔም ዳቦውን ሳልነካ ውስጡን ብቻ በሹካ ቆርሼ ቀመስኩ። የገዛ እጄ ነበር። ጨው አጣጣሉ፣ የተልባው አያያዝ፣ የስናፍጩ አፍንጫ ድረስ መውጣት፣ ሁሉም የኔ። ትንሽ ድንብላል ጨምራበታለች። ጥሩ አድርጎታል። እሱ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

ሁሉም ግማሽ ግማሹን እስኪበሉ ጠበቅኩ። ሆን ብዬ ነው፤ ከመብላታቸው በፊት ብናገር ኃጢአቱ ስለሚያንስ። ከዚያ አስተናጋጁን ጠርቼ ሼፏን ላመሰግናት እፈልጋለሁ አልኩት።

ነጭ ኮት ለብሳ መጣች። ስታየኝ ፊቷ ላይ ያነበብኩት ድንጋጤ አልነበረም፤ ደስታ ይመስል ነበር። "እትዬ!" ብላ ትከሻዬን ልትስም ጎንበስ አለች። እጄን ሰበሰብኩ።

"ይሄ በርገር የማን ፈጠራ ነው?" አልኳት።

አፏን ከፈተች። ምን ልትል እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ምክንያቱም አልጠበቅኳትም። ተነሳሁና ወደ ሰዎቹ ዞርኩ።

"ስሙኝ። የምትበሉት ዳቦ በእንቁላል የተቀባ ነው። በሁዳዴ፣ በዓርብ ቀን፣ ጾም ነው ብላ እንቁላል አበላቻችሁ!"

አንዷ ሴት የጎረሰችውን በሶፍት ተፋችው። ሌላው አማተበ። ከባንኮኒው ኋላ የቤቱ ባለቤት ቀና ብሎ ወደኛ ማየት ጀመረ። እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግራችሁ አልችልም። እንደዚያ ያለ ደስታ ሠርጌም ዕለት አልነበረኝም።

ጋሼ ብቻ በቀስታ "እህቴ፣ በምን አወቅሽ?" አሉኝ።

ያዘጋጀሁት መልስ ነበረኝ አላልኳችሁም? በዚያች ደቂቃ ግን የጓጓሁት ለሌላ ነገር ነበር። ስንት ወር በጉሮሮዬ የቆመው ቃል ቀድሞ ወጣ።

"በምን አወቅሽ? እኔ አይደለሁ እንዴ ያስተማርኳት! ሽምብራውን፣ ተልባውን፣ ሱፉን፣ ዳቦውን ከነእንቁላሉ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ቆሜ ያሳየኋት እኔ ነኝ። የሷ አይደለም። የኔ ነው!"

ጋሼ የያዙትን ቁራሽ እንጨቱ ላይ መለሱት።

"ከነእንቁላሉ" አሉ። ቆይተውም "ሁለት ዓመት" አሉ።

ያኔ ገባኝ። እንቁላልም ቀስ በቀስ በእግሯ ትሄዳለች ይባላል፤ የኔዋ ሁለት ዓመት ተጉዛ እዚህ ድረስ መጣችብኝ። ለብቻው ነበር የምጋግረው የሚለውን ፈለግኩት፤ አሁን ከአፌ ከወጣው ቃል ጋር ግን አልገጥም አለኝ። ሰዎቹ ሁሉ እኔን ነበር የሚያዩት። ሁሉም በልተውልኛል፤ ረቡዕም ዓርብም።

ጋሼ ወደ ሴትዮዋ ዞሩ። "ልጄ፣ አንቺ እዚያ ነበርሽ። እውነቱን ንገሪኝ። ያን ቀኖናዬን የጾምኩበት ዳቦ እንቁላል ነበረበት?"

አየችኝ። ረጅም ስለሆነች ከላይ ነው የምታየኝ። አንዲት ቃል ብቻ ትበቃት ነበር፤ "አዎ"። እኔ በሷ ቦታ ብሆን ሳልውል ሳላድር እላት ነበር፣ ያውም ጮክ ብዬ። እሷ ግን ወደ ወጥ ቤት ገባችና አንድ ጎድጓዳ ሳህንና ብሩሽ ይዛ ተመለሰች። ሳህኑን ጋሼ ፊት አኖረችው።

"ይቅመሱት ጋሼ። የስኳር ውኃ ነው። ዳቦው ከምድጃ ሲወጣ የምቀባው ይሄን ነው። እኔ አልጾምም፤ የሚጾም ሰው ግን አላታልልም።"

ጋሼ በጣታቸው ቀመሱ። ዳቦውንም ከአምፖሉ አራቁና አገላብጠው አዩት። ደብዘዝ ያለ ቡናማ ነበር። እኔም ያኔ አየሁት።

"የእትዬም ቤት" ብላ ቀጠለች፣ "የጾም ዳቦ ለብቻው ነበር የሚጋገረው። የምጋግረው እኔ ነበርኩ። እንቁላል አልነካውም። እትዬ ከፍስኩ ዳቦ ጋር ተምታቶባቸው ነው።" ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ዓይኗን ተከለችብኝ። "ይሄ በርገርም የእትዬ አይደለም። የእትዬ ሌላ ነው፣ የኔ ሌላ ነው። አይደል፣ እትዬ?"

ጋሼም "እንዲያ ነው?" አሉኝ።

ከፊቴ ሁለት መንገድ ነበር። አይደለም ካልኩ በርገሩ የኔ ይሆናል፣ እንቁላሉም የኔ ይሆናል። አዎ ካልኩ ሁለቱም ከላዬ ይወርዳሉ። ስድስት ሰው ጉሮሮውን ይዞ ይጠብቀኝ ነበር።

"አዎ" አልኩ። "ተሳስቼ ነው። የሷ ነው።"

ጋሼ "ተመስገን" ብለው የተዉትን ቁራሽ አነሱ። የተፋችውም ሴት በራሷ ሳቀች። አንዱ፣ በዚህ ሙቀት እስከ ዘጠኝ ሲጾም ሰው ቢቀባዥር ምን ይገርማል ብሎ ውኃ ቀዳልኝ። የቤቱ ባለቤትም ወደ ሥራው ተመለሰ። የሚባረር ሰው አልነበረም።

ነጠላዬን ሰብስቤ ስወጣ በሩ ድረስ ሸኘችኝ። አመሰግናለሁ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። በልቤ እየሰደብኳት ነበር።

"ለእርስዎ ብዬ ብቻ አይደለም የዋሸሁት" አለችኝ ዝግ ባለ ድምፅ። "የቀባው እጅ የኔ ነው። እያወቅኩ ቀብቻለሁ።"

እጄን ወደ በሩ እጀታ ሰደድኩ።

"ያስተማሩኝንም ዛሬ ከፈልኩ። ካላስ፣ አበቃ፣ እትዬ። ከእንግዲህ አይምጡብኝ።"

ጥበቃው "ማዓ ሰላማ፣ ማማ" ብሎ ተሰናበተኝ። ቦዳ ሳልጠራ በፀሐይ ብዙ መንገድ በእግሬ ሄድኩ። ብትናገርብኝ እንዴት በተሻለኝ! እጠላት ነበር፣ እድሜ ልኬን የምጠላት ሰው ይኖረኝ ነበር። እሷ ግን በርገሬንም ወሰደች፣ የምጠላበትንም ምክንያት ወሰደች። እስካሁንም ይህንን አልማርኳትም።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ማታ እንቁላሉን ከምድጃው አጠገብ አራቅኩና ዳቦውን ከምድጃ ሲወጣ በስኳር ውኃ ቀባሁት። ለምን እንደሆነ ለራሴም አላስረዳሁም።

ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ጋሼ ከተፍ አሉ። በቶንፒንጉ ነገር ያፈርኩ መስሏቸው አዝነውልኝ ነው የመጡት። ያን ሁሉ አቧራ አቋርጠው። ሰዓታቸውን እንደ ድሮው ጠረጴዛው ላይ አደረጉ። በርገሩን አቀረብኩላቸው። አማትበው አነሱትና አፋቸው ሳይደርስ ቆም አሉ። ድልድይ የሚሠራ ሰው ነገር ሳያይ አያልፍም፤ ዳቦውን ወደ ብርሃኑ ዘወር አደረጉት።

"ይሄ ዳቦ እንደ ቶንፒንጉ ደብዘዝ ብሏል" አሉ።

"በስኳር ውኃ ነው ጋሼ።"

"ድሮም በስኳር ውኃ ነበር?"

ጠረጴዛውን በጨርቅ መወልወል ጀመርኩ።

"ድሮ ያብለጨልጭ ነበር" አሉኝ። አልተቆጡም፤ የሚያስታውሱትን ብቻ ነው የተናገሩት። "ሁለት ዓመት አይቼዋለሁ። ያብለጨልጭ ነበር።"

ልዋሽ እችል ነበር፤ ውሸቱም ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ነው፣ ሌላ ሰው ዋሽቶልኝ። አልተጠቀምኩበትም። ጋሼ ፊቴን አዩኝ፣ ከዚያ ዳቦውን ቀስ ብለው ሳህኑ ላይ መለሱት። አንድም ሳይጎርሱ ተነስተው እጃቸውን ታጠቡ።

"ለንስሐ አባቴ ልደውል" አሉ። "ቀኖናው እንደገና ከየት እንደሚጀመር ይነግሩኛል።"

መኪናቸው ጥጉን እስኪዞር በር ላይ ቆምኩ። ተመልሼ ገባሁና እሳቸው የተዉት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሳህኑን ወደ እኔ ሳብኩ፣ ዳቦውን ቆረስኩና በላሁ። ረቡዕ ቀን የራሴን ዳቦ ስቀምስ የመጀመሪያዬ ነበር።